ለመጀመሪያ ድሮኔ ሞተርና ባትሪ ማጣጣም አቃተኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች! የምጽፈው ከደሴ ነው። ባለ አራት ሞተር ድሮን ራሴ ልገጣጥም ተነስቼ ሞተር ምርጫው ላይ ተቸክያለሁ።

በእጄ ያለው ኤፍ450 ፍሬምና ባለ 10 ኢንች ፕሮፔለር ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ልጅ 2212 የሚባል መጠን ያላቸው ሞተሮች በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ችግሩ 2200 ኬቪ ናቸው። ለዚህ ፍሬም የተለመደው 920 ኬቪ ነው። ኬቪ ማለት ሞተሩ ያለ ጭነት፣ በአንድ ቮልት፣ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። በ3ኤስ (ባለ ሦስት ሴል) ባትሪ፣ ማለትም በ11.1 ቮልት፣ 920ው ወደ 10,200 ዙር ይሄዳል። ያኛው ከ24,000 ያልፋል! በ10 ኢንች ፕሮፔለር ከሆነ መቃጠሉ አይቀርም። ልጁ ግን «ፕሮፔለሩን ወደ 6 ኢንች አሳንሰው» ይለኛል። እሺ፣ ታዲያ 1.2 ኪሎ የሚመዝነውን ድሮኔን በደንብ ያነሳል? የክብደቱ እጥፍ ግፊት ያስፈልጋል ከተባለ እያንዳንዱ ሞተር 600 ግራም መግፋት አለበት።

በዚያ ላይ ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ግፊቱም ይቀንሳል። ለዚህ ምን ያህል ትርፍ ልያዝ?

ባትሪዬ 2200 ሚሊአምፕ-ሰዓት፣ 25ሲ ነው፤ ሲ ማለት የአቅሙን ስንት እጥፍ አምፕ መስጠት እንደሚችል ነው። በስሌት 55 አምፕ ይሰጣል። አራቱም ሞተሮች እያንዳንዳቸው 15 አምፕ ቢስቡ ግን 60 ይሆናል። ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ይታለፋል ወይስ ባትሪው ያብጣል?

የማብረር ፈቃዱን ለብቻው እየጠየቅኩ ነው፣ እሱን ተዉት። 920ውን ከአዲስ አበባ ላስመጣ ወይስ የልጁን ልውሰድ? ደጋ ላይ አብርራችሁ የምታውቁ ካላችሁ የተጠቀማችሁትን ሞተርና ፕሮፔለር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።