ልማዴ በ17ኛው ቀን ለምን ይፈርስብኛል?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከመስከረም ወዲህ ሦስት ነገሮችን የዘወትር ልማዴ ለማድረግ ስጥር ቆይቻለሁ፤ እነርሱም ማለዳ ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት ዐሥር ገጽ ማንበብ፣ የቀኑንም ወጪ በደብተር ማስፈር ናቸው። አንድ ነገር 21 ቀን ሳይቋረጥ ከተሠራ ልማድ ይሆናል የሚለውን በየቦታው ስለሰማሁ፣ ባለፈው ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ 21 ሣጥን አሰመርሁና መስከረም 2 ቀን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ጀመርሁ። እስከ መስቀል ዕለት ድረስ 16ቱ ሣጥኖች በቀይ እስክሪብቶ ተሞልተው ነበር። በማግስቱ ግን አማኑኤል የምትኖረው አክስቴ ማረፏ ተነግሮኝ ሄድሁ፤ ሠልስቱን አሳልፌ ስመለስ ባዶዎቹን ሣጥኖች አየሁና ወረቀቱን አጣጥፌ ፍራሽ ሥር ከተትሁት።

ኅዳር ላይ እንደገና ከአንድ ብዬ ጀመርሁ። በ11ኛው ቀን ማታ መብራት ጠፍቶ ንባቡ ሲቀር፣ በማግስቱ መራመዱም መመዝገቡም አብረው ቀሩ። አንዱ ሲቀር ሌሎቹን እንድተው ያስገደደኝ ምንም ነገር ስላልነበረ ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ለቅሶው፣ ማኅበሩና ተዝካሩ በማይቀርበት አገር እየኖርን፣ ሳይቋረጥ የሚሠራ ነገር እንዴት ይገኛል? ጉድለቱ የእኔ የፈቃድ ድካም ነው ወይስ አያያዜ ነው የተሳሳተው?

መምህር (ፍኖተ ሰላም)

የአክስትህን ነፍስ ይማር። ሥነ ልቡና ስለማስተምር ይህ የ21 ቀን ነገር ከተማሪዎቼም ዘወትር ይቀርብልኛል፤ ስለዚህ ምንጩን ብነግርህ ሸክሙ የሚቀልልህ ይመስለኛል። ነገሩ የተነሣው ማክስዌል ማልትዝ ከተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ይህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ፊታቸው በቀዶ ሕክምና የተለወጠላቸው ሰዎች አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው መታዘቡን ገለጸ። የተናገረው ሰው በመስታወት ፊት ራሱን ስለመልመዱ እንጂ ማለዳ ተነሥቶ ስለመራመድ አልነበረም፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ደግሞ «ቢያንስ» የምትለው ቃል መንገድ ላይ ወደቀችና 21 የቁርጥ ቀን ሆኖ ቀረ።

የልማድን ነገር በቀጥታ ካጠኑት መካከል በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩት ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ይገኙበታል፤ ጥናታቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቷል። 96 በጎ ፈቃደኞች፣ እያንዳንዳቸው ከምግብ፣ ከመጠጥ ወይም ከአካል እንቅስቃሴ አንድ ነገር ብቻ መርጠው፣ «ከቁርስ በኋላ» እንደሚባለው ባለ በማይለወጥ አጋጣሚ ላይ ለ12 ሳምንታት በየቀኑ እንዲያደርጉት ተጠየቁ። ያ ነገር ሳይታሰብበት በራሱ የሚመጣ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ወደ ሰው ያለው ልዩነት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርስ ነበር። (ጥናቱ የቆየው 84 ቀን በመሆኑ 254 የተባለው በስሌት የተገኘ ነው፤ ይህን ሳይጠቅሱ ቁጥሩን ብቻ የሚያናፍሱትን አልወዳቸውም።) ውኃ መጠጣትን የመረጡት ስፖርት ከመረጡት ይልቅ ቶሎ ለምደውታል። ላንተ ጥያቄ ዋናው ግን ይህ ነው፦ አንድ ቀን መዝለላቸው የልማዱን አመሠራረት ያን ያህል አላደናቀፈውም። ወደ አንድ እንድትመለስ የፈረደብህ ያሰመርኸው ሣጥን ብቻ ነው።

እነዚያ ሰዎች የመረጡት አንድ ነገር እንደነበር፣ አንተ ግን ሦስት እንደጫንህ ደግሞ ልብ በል።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ (ቢቸና)

የመምህሩን ቃል በጥሞና አነበብሁት። እኔ ዛሬ እህል ነጋዴ ብሆንም በልጅነቴ ጎንጅ ቅኔ ቤት ስለነበርሁ፣ ልማድ ሲባል የሚታየኝ ያ ኑሮ ነው። ማለዳ ለቁራሽ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን እንዞር ነበር፤ ከዚያም እያንዳንዳችን ደበሏችንን ተከናንበን በየዛፉና በየቋጥኙ ሥር ለብቻችን ተቀምጠን ቅኔ እንቆጥራለን። ጀማሪው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ይዞ ይታገላል፤ የዘለቀው ደግሞ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ያሰላስላል። እኔ ቃል ሲጠፋብኝ ጭራሮ እየሰበርሁ መሬቱን እጭር ነበርና፣ የዋልሁበት ቦታ ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር። ሲመሽ የቆጠርነውን ለየኔታ እንነግራለን፤ እርሳቸውም ያቃናሉ፣ የማይረባውንም «ጣለው» ይላሉ።

ከዚያ ኑሮ ሁለት ነገር አስታውሳለሁ። አንደኛው፣ በየዕለቱ እንድንቆጥር ያደረገን ብርታታችን አልነበረም፤ ማታ የሚሰማን ሰው ስለነበረ ነው። ባዶ እጅን ይዞ የኔታ ፊት መቆም ከረኃቡም ከውሻውም ይከብድ ነበር። ሁለተኛው፣ ወባ ይዞት ሁለት ሳምንት የተኛ ወይም እናቱ ሞታበት አገሩ ደርሶ የተመለሰ ተማሪ «እንደገና ከጉባኤ ቃና ጀምር» ሲባል አልሰማሁም። ካቆመበት ይቀጥል ነበር። አንተ ልጅ፣ 16ቱን ሣጥን ማን ሰረዘብህ?

የቡሬዋ

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ወንዶች ስለ ማለዳ ልማድ ስትጽፉ እሳቱን ማን እንዳነደደው ሳትነግሩን ታልፋላችሁ። እኔ በ12 ሰዓት ምጣድ ላይ ነኝ፤ ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። ስለዚህ «ራስህን ለመለወጥ ከሌላው ሰው አንድ ሰዓት ቀድመህ ተነሣ» የሚለው ምክር ቤቴን አያውቀውም።

ቢሆንም ወጪ መመዝገቡን እኔም ለምጄዋለሁ፤ የተሳካልኝም ሰዓት መወሰኑን ከተውሁት በኋላ ነው። ቀድሞ «ማታ በ3 ሰዓት» እያልሁ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር። አሁን ደብተሩና እርሳሱ ከረከቦቱ ጀርባ ይቀመጣሉ። አቦሉ ተጠጥቶ ለቶናው ውኃ ጨምሬ ጀበናውን ከሰሉ ላይ ከመለስሁ በኋላ እስኪፈላ ድረስ የምሠራው የለኝምና፣ በዚያች ክፍተት የሽንኩርቱን፣ የዘይቱን፣ የባጃጁን እጽፋለሁ። ቶናው ሲቀዳ ደብተሩ ይዘጋል፤ ያላስታወስሁት ካለ እንዳላስታወስሁት ይቀራል። ለቅሶ ቤት ስሰነብት የትራንስፖርቱን ብቻ በስልኬ ላይ አስቀምጣለሁ። የወር ድምሩ ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድላል፤ የሒሳብ ሰው ስለሆንህ ይህ ሊያናድድህ ይችላል። እኔ ግን ገንዘቡ በየት እንደሚሄድ ለማየት በቅቶኛል፤ በመጀመሪያው ወር ለስኳር ያወጣነውን አይተን ከባለቤቴ ጋር ተሳስቀናል።

ተጓዥ

ዘንድሮ ሁሉም ሰው ቆጣሪ ሆነ። አባቶቻችን ሣጥን ሳያሰምሩ፣ ጥናትም ሳይጠቅሱ በዶሮ ጩኸት ይነሡ ነበር። ይህ ሁሉ ለስንፍና የተሰጠ ማዕርግ ነው።

የቀድሞ ቆሎ ተማሪ (ቢቸና)

ወንድሜ ተጓዥ፣ አባቴ ገበሬ ስለነበር በዶሮ ጩኸት መነሣታቸውን አልክድህም። ያስነሣቸው ግን በሬዎቹ ናቸው፤ ደቦ የጠሩም እንደሆነ ጎረቤቱ ቀንበሩን ይዞ ደጅ ቆሟል። ክረምቱ አልፎ፣ አዝመራው ተሰብስቦ፣ የሚጠብቃቸው ነገር ሲጠፋ እነርሱም ፀሐይ እስኪሞቅ ይተኙ እንደነበር ዐይቻለሁ።

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የ66ቱን ቀን ሳነብ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር፤ ቆይቶ ግን ለቁጥሩ መቸኮሌን እንድተው ረዳኝ። ንባቡን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ። እቴ የቡሬዋ፣ ስለ እሳቱ የተናገርሽው እውነት ነው፤ ደብተሩን እኔ የቡና ሥርዓት ስለሌለኝ ከበሩ ጀርባ ቁልፍ በምሰቅልበት ምስማር ላይ በክር አሥሬ አንጠልጥዬዋለሁና፣ ገብቼ ቁልፌን ስሰቅል ጫማዬን ሳላወልቅ እጽፋለሁ። አምስት ቀን ሆኖታል፤ ረቡዕ ረስቼ ሐሙስ የሁለቱንም ቀን ጽፌአለሁ። የድምሩ መጉደል አናድዶኛል፤ ልክ ነሽ።

በእግር መሄዱን በተመለከተ የቢቸናው ጋሼ ማታ ስለሚሰማ ሰው ያሉት ነገር ሌሊቱን ሲመላለስብኝ አደረ። ከግቢያችን ጎን የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አባት በየማለዳው ኪዳን ለማስደረስ እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይሄዳሉ፤ አካሄዳቸው ከእኔ ይፈጥናል። ትናንት ማታ አብሬያቸው ብሄድ ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ለማኝ እንኳ በዚህ ብርድ አይለምንም ብለው ሳቁብኝና፣ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ይጠብቁኛል፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያንኳኩ ግን አስጠንቅቀውኛል።