ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ ስገጣጥም ስፌቱን ወዴት ልተኩሰው?

ጥያቄ፦ ክር ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ። ከተራረፉ የጥጥ ጨርቆች የአልጋ ልብስ ፊት እየገጣጠምኩ ነው። ቀላል የሚባለውን ነው የያዝኩት፤ ባለ ዘጠኝ ካሬ ብሎክ፣ ማለትም ዘጠኝ ካሬ በሦስት ረድፍ ተገጣጥሞ የሚወጣ አንድ ትልቅ ካሬ። አምስቱ ካሬ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ አራቱ ነጭ። ካሬዎቹን በ2.5 ኢንች ቆርጬ፣ ከጠርዙ ሩብ ኢንች የስፌት ትርፍ እየተውኩ እሰፋለሁ። ስፌቱ ራሱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ካውያው ነው።

ካሬዎቹ የሚገናኙበት ማዕዘን ጉብ ጉብ ይላል። መስመሩም አይገጥምም፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ። ቀዩ ደግሞ በነጩ ስር ያሳብቃል። ብሎኩ አልቆ 6.5 ኢንች መሆን ሲገባው 6 ከ3/8 ነው የሚወጣው። አንዳንዱማ ጠርዙ ተወላግዶ ቀጥ ብሎ አልተኛም ይላል።

አንዱ «ስፌቱን ከፍተሽ፣ ትርፉን ግራና ቀኝ አካፍለሽ ተኩሺ» ይላል፣ ሌላው «ትርፉን ሁሉ ወደ አንድ ጎን አስተኚው» ይላል። የቱን ልስማ? ያለኝ የእንፋሎት ካውያ ነው።

መልስ፦ ቀጥ ያለ መስመር

ወደ ጠቆረው ጎን። አለቀ። ትርፉ ከቀዩ ስር ከተኛ ከፊት በኩል ማንም አያየውም። የግድ ወደ ነጩ መተኛት ያለበት ቦታ ካጋጠመሽ፣ የቀዩን ትርፍ ከነጩ ትርፍ አንድ ሁለት ሚሊ አሳጥረሽ ቁረጪው። ያኔ የነጩ ትርፍ ይሸፍነዋል።

መልስ፦ የድሮ ልብስ ሰፊ

ልጄ፣ «ወዴት» ከማለትሽ በፊት «እንዴት» የሚለውን እንጨርስ። ጠርዙ ተወላገደ ካልሽኝ ካውያውን እየገፋሽው ነው ማለት ነው። ሸሚዝ ስትተኩሺ ካውያው ይሄዳል፣ ይመጣል። እዚህ ግን አስቀምጪው፣ ጫን አድርጊው፣ አንሺው፣ ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ እንደገና አስቀምጪው። ከገፋሽው ድርና ማጉ ይንሸራተትና ካሬው ካሬ መሆኑ ይቀራል። ጨርቁ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል።

አሁን ቅደም ተከተሉን ልንገርሽ። ከስፌት መኪናው እንዳወጣሽው ወዲያው አትክፈቺው። ሁለቱ ጨርቆች ፊት ለፊት እንደተያያዙ ስፌቱ ላይ ካውያውን አሳርፊ። ክሩ ጨርቁ ውስጥ ገባ ይላል፤ መኪናው የሰበሰበው ነገር ካለም ይላቀቃል። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ልዩነቱ ግን በዓይን ይታያል። ቀጥሎ ቀዩን ከላይ አድርገሽ ጠረጴዛው ላይ አንጥፊው። ላይኛውን ገልጠሽ ስፌቱን በጣትሽ ዳበስ አድርገሽ ክፈቺው፣ ከዚያ በካውያው ጫፍ ከፊት በኩል ተጫኚው። ቀዩ ከላይ ስለነበር ትርፉ ራሱ ወደ ቀዩ ይተኛል፤ አንቺ ማሰብ አይጠበቅብሽም።

ከፊት በኩል ያልኩሽ በምክንያት ነው። ከጀርባ ብቻ የሚተኩስ ሰው ስፌቱ ዳር ላይ ቀጭን እጥፋት ትቶ ያልፋል። ከጀርባ አይታይም። ከፊት ጥፍርሽን ስፌቱ ላይ ብታሳልፊ ግን እንደ ከንፈር ሆኖ ይይዝሻል። የጠፋው ልኬትሽ ግማሹ እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ ሦስት ረድፍ

በእማማ ላይ የምጨምረው፣ ማዕዘኑን የሚያስተካክለው የአቅጣጫ ዕቅድ ነው። የአንዱ ረድፍ ትርፍ ወደ ቀኝ፣ ከሱ ጋር የሚገጥመው ወደ ግራ መተኛት አለበት። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ከተኙ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልሎ ጉብ ይላል። ያንቺም ነገር ይሄ ይመስለኛል።

ደስ የሚለው፣ በባለ ዘጠኝ ካሬ ብዙ ማቀድ አያስፈልግም። ላይኛውና ታችኛው ረድፍ ቀይ፣ ነጭ፣ ቀይ ነው፤ ወደ ቀዩ ከተኮስሽ ትርፉ ወደ ውጭ ይሄዳል። መካከለኛው ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ነው፤ እሱም ወደ ቀዩ ከተኮስሽ ወደ ውስጥ ይገባል። በራሱ ተቃራኒ ሆነልሽ ማለት ነው። ቀጥ ያለ መስመር «አለቀ» ያለው ለዚህ ሥራ ልክ ነው፤ ለሁሉም ግን አይሠራም።

ረድፎቹን ስትገጥሚ ፊት ለፊት አድርገሽ መጋጠሚያውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ መካከል ያዢው። ወዲያ ወዲህ አንሸራትቺው። አንዱ ትርፍ ሌላውን ሲያገኝ ቆም ይላል፣ ከዚያ አልፎ አይሄድም። እዚያው ላይ ስፒል ውጊበትና ስፊው። ሦስቱን ረድፍ አንድ ላይ ስታያይዢ የሚመጡትን ሁለት ረጃጅም ስፌቶች ደግሞ በአንዱ ብሎክ ወደ ውጭ፣ በጎረቤቱ ወደ ውስጥ አስተኚያቸው። ብሎክ ከብሎክ ጎን ለጎን ሲገናኝም እንደዚያው ይቆላለፋል።

መልስ፦ ኮከብ ሰፊዋ

እኔ የከፍቶ መተኮስ ወገን ነኝ፤ ዝም ብዬ አላልፍም። ስምንት ሹል ጫፎች አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙበት ኮከብ ስሪና ሁሉንም ወደ ጎን አስተኚው፤ መሃሉ ላይ ቁልፍ የተሰፋበት ይመስላል። እንደዚያ ላለ ቦታ ስፌቱ ተከፍቶ ትርፉ ግራና ቀኝ ሲካፈል ነው ጠፍጣፋ የሚሆነው። ከፍተሽ የምትተኩሺ ከሆነ የስፌቱን ርዝመት ከ2.5 ሚሊ ወደ 2 ሚሊ አውርጂው፤ አለበለዚያ ክሩ በመሃል ብቅ ይላል።

መልስ፦ ሦስት ረድፍ

በኮከቡ እስማማለሁ። ለካሬ ግን ምን አስፈለገ? ከከፈትሽው የሚቆላለፍ ነገር ስለማይኖር እያንዳንዱን ማዕዘን በስፒል መጠበቅ ሊኖርብሽ ነው። ሌላም አለ። በመጨረሻ ፊቱን ከመሃል ጥጡና ከጀርባው ጋር ስታያይዢ መስመሩን ተከትለሽ ስፌቱ ቦይ ውስጥ የምትሰፊ ከሆነ፣ ተከፍቶ በተተኮሰ ስፌት ስር ጨርቅ የለም። መርፌው የሚያገኘው የመጀመሪያውን ክር ብቻ ነው። ወደ ጎን በተኛው ግን ዝቅ ባለው በኩል ስር ጨርቅ አለ፣ መርፌውም አንድ ነገር ይይዛል።

መልስ፦ ኮከብ ሰፊዋ

ቦዩ ውስጥ ለሚሰፋ፣ እሺ፣ አሸነፍሽ። እኔ ስፌቱን አሻግሬ ነው የምሰፋው።

መልስ፦ ሜትር በእጁ

የልኬቱን ነገር ማንም በደንብ አልነካውም። ብሎክሽ ውስጥ ከጎን ወደ ጎን ያለው ስፌት ሁለት ብቻ ነው። 1/8 ኢንች ከጎደለ በእያንዳንዱ ስፌት 1/16 ጠፍቷል። ትንሽ ይመስላል። 10 ብሎክ ጎን ለጎን ስታሰልፊ ግን 1 ኢንች ከሩብ፣ ማለትም ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ ሄደ።

ምክንያቱ የጨርቁ ውፍረት ነው። ትርፉ ሲታጠፍ እጥፋቱ ራሱ ክር ሁለት ክር ይበላል። ስለዚህ በትክክል ሩብ ኢንች ሳይሆን ከሩብ ኢንች ፀጉር ታህል ቀንሰሽ ስፊ። እንዲህ ፈትሺው፦ 1.5 ኢንች ስፋት ያላቸው ሦስት ቁራጮች ጎን ለጎን ስፊ፣ እማማ እንዳሉት ተኩሺ፣ መካከለኛውን ለኪ። ልክ 1 ኢንች መሆን አለበት። ካነሰ ስፌትሽ ወደ ውስጥ ገብቷል ወይም እጥፋት ቀርቷል። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ጥፍርሽ ይነግርሻል።

ክር ወዳድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ሳየው ረድፎቹን ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የተኮስኳቸው። የተሰፉትን ብሎኮች መተርተር አለብኝ? እማማ፣ እንፋሎቱንስ ልተወው ይሆን?

መልስ፦ የድሮ ልብስ ሰፊ

ገና ረድፍ ለረድፍ ያላያያዝሽውን መተርተር አያስፈልግም። ስፌቱን መልሰሽ ዝጊው፣ እንደተሰፋ አድርገሽ በትንሽ እንፋሎት ተጫኚው፤ የድሮው እጥፋት ይጠፋል። ይቀዝቅዝና ወደ ትክክለኛው ጎን አዙሪው። ትኩስ እያለ ካነሳሽው ይጠመማል። ተያይዞ ያለቀውን ብሎክ ግን እኔ ብሆን ጉቡ በጣም ካልታየ እተወው ነበር።

እንፋሎት ጠላት አይደለም፣ ጊዜ አለው። ጥጥ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ አንዳንዱም ይሸበሸባል። እየገጣጠምሽ ሳለ በደረቁ ሥሪ። ብሎኩ ካለቀ በኋላ ከላይ ትንሽ ብትለቂበት ግን ያሳርፈዋል። ቀይሽን ግን መጀመሪያ ፈትኚው፤ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገሽ በካውያ ተጫኚው። ነጩ ላይ ቀለም ከወጣ እንፋሎቱን እርሺው፣ ጨርቁንም ሳይታጠብ አትስፊው።

ጥያቄ፦ ጀማሪው

ይቅርታ፣ በመሃል ልግባ። ካሬውን ለሁለት ከፍዬ፣ ሦስት ማዕዘን አድርጌ ነው የምገጥመው። የኔ ከሁላችሁም በላይ ይለጠጣል።

መልስ፦ ኮከብ ሰፊዋ

በሰያፍ ስለተቆረጠ ነው፣ ወንድሜ። የሰያፍ ጠርዝ እንደ ላስቲክ ነው። ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ፣ ከመቁረጥህ በፊት ጨርቁን ስታርች (ጨርቅ የሚያጠነክር ርጭት) ረጭተህ እስኪደርቅ ጠብቅና ተኩሰው፤ ወረቀት ያህል ቀጥ ይልልሃል። ሌላው፣ መጀመሪያ አትቁረጥ። ሁለቱን ካሬ ፊት ለፊት አድርገህ ከማዕዘን ማዕዘን መስመር አስምርበት፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሩብ ሩብ ኢንች ርቀህ ስፋ፣ ከዚያ መስመሩ ላይ ቁረጥ። ሰያፉ የሚወለደው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ሳትጎትተው ትጨርሳለህ። ስትተኩስም ካውያውን በሰያፉ አቅጣጫ አታስኬደው።

መልስ፦ ቀጥ ያለ መስመር

ክር ወዳድ፣ አንድ ነገር ረስተናል። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ዙሪያውን ከጠርዙ 1/8 ኢንች ገባ ብለሽ አንድ ጊዜ ስፊበት። ስትይዢው፣ ስታጥፊው፣ ጥጡ ላይ ስታነጥፊው ጫፍ ላይ ያሉት ስፌቶች እንዳይፈቱ ነው። የመጨረሻውን ተኩስ ከዚያ በኋላ አድርጊው፤ ጥጡ ከገባ በኋላ ወደ ውስጠኛው ስፌት መመለስ አይቻልም።