ጥቆማ፦ ለሁለት 3090 የሚሆን ፓወር ሰፕላይ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ መግዛት

ሁለት አርቲኤክስ 3090 ግራፊክስ ካርድ አንድ ኬዝ ውስጥ ላስገባ ነው፣ የትኛውን ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ዕቃ) ልግዛ ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ መልሴ ስለረዘመ ለብቻው አወጣሁት፣ ሌላም ሰው ይጠቀምበት። እኔ ጋ ያለውም እንዳንተው ሁለት 3090 ነው። ቀን የሕንፃ ሬንደር (ከንድፍ ምስል ማውጣት) እሠራበታለሁ፣ ማታ እህቴ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሞዴል ታሠለጥንበታለች።

የቸኮለ ሰው ይህችን ይያዝ፦ አዲስና ስሙ የታወቀ፣ 1200 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይግዛ። ዩፒኤሱንም (መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየውን ዕቃ) አብሮ ያስብ።

መጀመሪያ የተቸገርኩበትን ልንገርህ። የመጀመሪያው ፓወር ሰፕላዬ ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1000 ዋት ይላል። ሬንደር ባስጀመርኩ በሁለት በሦስት ደቂቃ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ያገለገለ የገዛሁት ካርድ ነው የተበላሸው ብዬ ሦስት ሳምንት ሻጩን ስጨቀጭቀው ከረምኩ። በመጨረሻ የፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አነበብኩት፦ 12 ቮልት፣ 54 አምፔር። ሲባዛ 648 ዋት ነው። ግራፊክስ ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚበሉት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው፤ የቀረው ቁጥር ለእኛ ሥራ የማይረዳ ማሟያ ነበር። ካርዱ ምንም አልሆነም። ለሻጩ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ስለዚህ ሱቅ ስትገባ ካርቶኑን አስከፍተህ የጎኑን ሠንጠረዥ አንብብ። እውነተኛ 1200 ዋት የሆነ ዕቃ 12 ቮልቱ ላይ 100 አምፔር ገደማ ይጽፋል። ከኋላው 115/230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው ደግሞ መልሰህ አስቀምጠው፤ የድሮ አሠራር ነው። ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ከተሰካ እዚያው ይቃጠላል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ 3090 350 ዋት ይወስዳል፣ ሁለቱ 700። ፕሮሰሰሬ ራይዘን 9 5950ኤክስ ነው፤ ካርቶኑ 105 ቢልም ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ እስከ 142 ይደርሳል። ለማዘርቦርድ፣ ለራም፣ ለዲስክና ለፋን 80 ጨምርበት፣ 920 አካባቢ ሆነ። ታዲያ ጥሩ 1000 ዋት ለምን አይበቃም? 3090 ከሰከንድ ሺህኛ ላነሰች ጊዜ ከ350 በጣም ዘሎ ይስባል። ሁለቱ ካርዶች አንድ ላይ የዘለሉ ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ አደጋ የመጣ መስሎት ራሱን ይዘጋል። በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የሚባለው ደረጃ ይህን አስቦ ነው የተዘጋጀው፦ ለ100 ማይክሮሰከንድ የአቅሙን 2 እጥፍ እንዲሸከም ያዛል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። እኔ የምጠቀመው ኮርሴር ኤችኤክስ 1200 ነው። 80 ፕላስ ፕላቲነም ነው (80 ፕላስ የኤሌክትሪክ ቁጠባ ደረጃ ነው፣ ፕላቲነም ከጎልድ ይበልጣል)፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮም ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሲሶኒክ ፕራይም ፒኤክስ 1300 ከእሱ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፣ የ12 ዓመት ዋስትና አለው፤ ግን ዋጋው ይከብዳል። ዛሬ አዲስ የምገዛ ብሆን ተርማልቴክ ታፍፓወር ጂኤፍ3 1350 እወስድ ነበር፤ ጎልድ ቢሆንም ኤቲኤክስ 3.0 ስለሆነ ዝላዩን ይችለዋል። በጎልድና በፕላቲነም መካከል ያለው ልዩነት የመብራት ቆጣሪህ ላይ ጥቂት ነው፤ ለእሱ ብለህ ገንዘብህን አትጨርስ። ኮርሴር አርኤም1000ኤክስ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ለሁለት 3090 ግን ካርዶቹን ከገደብካቸው ብቻ።

መገደብ ስል፦ ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ (nvidia-smi) በሚባለው ትዕዛዝ እያንዳንዱን ካርድ 280 ዋት ላይ ማቆም ይቻላል። 20 ደቂቃ የሚፈጅብኝ ምስል ላይ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው የጨመረብኝ፤ በዚያ ፈንታ ክፍሉ ቀዘቀዘ፣ ድምፁም ቀነሰ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ገደቡ ስለሚሰረዝ በየጊዜው ራሱ እንዲሞላ አድርገው።

የት ይገኛል? ቦሌና መገናኛ ያሉትን የኮምፒውተር ሱቆች ስዞር እስከ 850 ዋት ያለው መደርደሪያ ላይ አለ፣ ከዚያ በላይ ግን በትዕዛዝ ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዛሬ የተነገረህ ዋጋ ለሳምንት ላይቆይ ስለሚችል፣ ካዘዝክ ዋጋውን በደረሰኝ አጽፍ። ሱቁ ራሱ የ1 ዓመት ዋስትና ከጻፈልህ ትንሽ ቢያስወድድም እሱን ምረጥ፤ የፋብሪካው የ10 ዓመት ዋስትና ዕቃውን ወደ ውጭ መልሶ መላክ ስለሚጠይቅ እዚህ ላለ ሰው ብዙም አይጠቅምም። ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ ካለህ ቡር ዱባይ የሚገኘው አል ዓይን ሴንተር ሕንፃው በኮምፒውተር ሱቅ የተሞላ ነው፤ እዚያ ምርጫ አለ።

ከአሜሪካ ወንድሜ ይዞልኝ ቢመጣስ ላልሽው እህቴ፦ ይሠራል። እነዚህ ሁሉ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ያስተካክላሉ። የግድግዳውን ገመድ ብቻ እዚህ ግዢ። የአሜሪካውን ገመድ በአዳፕተር አትሰኪ፣ ብዙዎቹ አዳፕተሮች አርዙን ይቆርጡታል። ኬዙን ስትነኪው የሚነዝርሽ አርዝ ስለሌለ ነው፤ የቤትሽ መስመር አሮጌ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ጠርተሽ አርዝ አስቀብሪ።

ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ አልመክርም። ያገለገለ ዎርክስቴሽን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኤችፒ ዜድ840 እስከ 1125 ዋት፣ ዴል ፕሪሲዥን 7910 ታወር 1300 ዋት ይዘው ይመጣሉ፣ ጠንካሮች ናቸው። ችግራቸው ፓወር ሰፕላዩ ቅርጹ የራሳቸው ብቻ መሆኑ ነው፤ ከተበላሸ መለዋወጫ ፍለጋ ትንከራተታለህ፣ ወፍራሞቹ 3090ዎችም ለሁለት አይመቿቸውም። እያንዳንዱ 140 ዋት ብቻ ለሚበላው ለሁለት አርቲኤክስ ኤ4000 ግን ደስ ይላሉ። በሁለት 3060 ለሚጀምርም ነገሩ ቀላል ነው፦ ሁለቱ ተደምረው 340 ዋት ስለሆኑ ደህና 750 ዋት ይበቃል።

ገመድ ላይ ተጠንቀቅ። ባለ 8 ፒን አንዱ መሰኪያ በደረጃው 150 ዋት ነው። አንድ ገመድ ጫፉ ላይ ሁለት መሰኪያ ስላለው ብቻ አንድን 3090 በእሱ አትመግብ፤ ለእያንዳንዱ ካርድ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ገመዶች ከፓወር ሰፕላዩ ይምጡ። የአንዱን ብራንድ ገመድ በሌላው ብራንድ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አትሰካ። ጫፉ ይገጥማል፣ ውስጡ ግን አሰላለፉ ይለያያል፤ ጓደኛዬ የሁለት ዓመት ሥራው ያለበትን ዲስክ ያቃጠለው እንዲህ ነው።

ዩፒኤስ ሲባል ሰዎች 2000 ቪኤ ሲያዩ 2000 ዋት ይመስላቸዋል። ብዙዎቹ 1200 ዋት ገደማ ናቸው። ካርዶቹ ካልተገደቡ ማሽኑ ከግድግዳው ወደ 1000 ዋት ይስባል፣ ሞኒተሩ ሲጨመር ጫፍ ላይ ነህ። ለዚህ ነው 280 ላይ መገደቡን አጥብቄ የምለምንህ። ዩፒኤሱ ንጹህ ሳይን ዌቭ (እንደ ግድግዳው መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ) ይሁን፤ ርካሾቹ ወደ ባትሪ ሲዞሩ የሚሰጡትን ሞገድ አንዳንድ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ አይቀበለውም፣ መብራት በሄደበት ቅጽበት አብሮ ይጠፋል። የእንጀራ ምጣድ በተሰካ ቁጥር አምፖሉ የሚደበዝዝበት ቤት ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ከምጣዱ የተለየ መስመርና ብሬከር ይኑረው።

ሁለት ትንንሽ ፓወር ሰፕላይ አንድ ላይ ላሠራ ወይ ላለው፦ እባክህ ተው። ካርዱ ከማዘርቦርዱ እስከ 75 ዋት፣ የቀረውን ከገመዱ ይወስዳል፤ ሁለቱ ምንጮች እኩል ካልተነሱና እኩል ካልጠፉ ካርዱ መሀል ላይ ሊጎዳ ይችላል። ለአንድ ጥሩ ዕቃ የሚሆን ገንዘብ እስኪሞላልህ በአንድ ካርድ ሥራ። ልትገዛ ያሰብከውን ስታገኝ የጎኑን ሠንጠረዥ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፣ ከመክፈልህ በፊት አብረን እናየዋለን።