የፒፓ ትንባሆ አዳማ ላይ እንዴት ይቀመጣል?

የፍራንኮ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ለአባቴ የፒፓ ትንባሆ ይዞለት ይመጣል፤ ባለ 50 ግራም ቆርቆሮ ነው። ሲከፈት ለስለስ ያለ ነው። ሳምንት ሳይሞላው ግን ይደርቅና ምላሱን ያቃጥለዋል። ፍሪጅ ውስጥ ብናደርገውስ? ለሚቀጥለውስ ምን ዓይነት እንዘዝ?

ጋሼ ፒፓ፣ አዳማ፦
ልጄ፣ ፍሪጁን ተወው። ሲወጣ ሲገባ ያልበዋል፣ የወጥ ሽታም ይይዛል። የእኛ ከተማ ጠላቱ ንፋሱና ድርቀቱ ነው። ቆርቆሮው አንዴ ከተከፈተ ክዳኑ አየር አይከለክልም። ፌስታልማ ጭራሽ! ክዳኑ ጥብቅ የሚል የማር ወይም የማርማላታ ጠርሙስ ፈልግ። በፈላ ውሃ እጠበውና በደንብ ይድረቅ። በርበሬ የነበረበትን አትንካ፤ ሽታው አይለቅም። ከተቻለ ሁለት ይሁን። አንዱ ትንሽ፣ ለዕለት የሚከፈት። ሌላው ሳይነካ ጨለማ ቁምሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

የደረቀውንም አትጣሉት፣ ያሳዝናል። ሰሃን ላይ በትነውና እርጥብ ጨርቅ ሳያስነኩ ከላይ መሸፈን ነው። በየመሃሉ ቆንጠጥ አድርገህ እየው። ከተንኮሻኮሸ ገና ነው። ተጣብቆ ከቀረ እርጥበቱ በዝቷል። ስትለቀው ቀስ ብሎ ከተፈታ፣ በቃ ደርሷል። የብርቱካን ልጣጭ ጨምሩበት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፣ ሻጋታ ያመጣል።

ከዓይነቱ ቨርጂኒያ እዘዙ። ስኳር ስላለው ታሽጎ ዓመታት ሲቆይ ይበልጥ ይጣፍጣል። ላታኪያ ግን በእንጨት ጭስ የደረቀ ስለሆነ መዓዛው በጊዜ ብዛት ይደክማል፤ እሱን ሳይቆይ ማጨስ ነው። ደግሞ አንድ ትልቅ ከረጢት ከሚገዛ ትናንሽ የታሸጉ ቆርቆሮዎች ይሻላሉ።

የሐይቅ ዳር፣ ሐዋሳ፦
ጋሼ ልክ ናቸው፤ እኛ ጋ ግን ክረምት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እርጥብ እንዳለ ከታሸገ ይሻግታል። ፀጉር የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁና የምድር ቤት ሽታ ከሸተታችሁ፣ ሳትሳሱ ጣሉት።

የፍራንኮ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! እዚህ ሱቅ ውስጥ ቫኒላ ያለው ይገኝ ይሆን?

ሲስተር፣ አዳማ፦
አይሸጥም። አዋጅ 1112/2011 ማጣፈጫ የገባበትን ትንባሆ ከልክሏል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰውም ምንም ዓይነት ትንባሆ አይሸጥም፤ ታናሽ ወንድምህን ሱቅ እንዳትልከው። አንድ ነገር ልለምንህ፦ የማር ጠርሙስ ከሆነ ላዩ ላይ በትልቁ «ትንባሆ» ብለህ ጻፍ፣ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጠው። ሕፃን ከዋጠው ኒኮቲኑ ክፉኛ ይመርዘዋል።

የፍራንኮ ልጅ፦
የእህቴ ልጆች ቤት ውስጥ አሉ። ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን ውስጥ አደርገዋለሁ፣ ዛሬውኑ።