ልጄ ኤዲሰን ልግባ አለኝ፤ ኮሌጅ ይቀርበት ይሆን?

ጥያቄ (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
እንደምን ናችሁ? ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። የትምህርት ቤቱ ካውንስለር (አማካሪ) «ከመጪው ዓመት ጀምሮ ቶማስ ኤዲሰን የሙያ ትምህርት ቤት እየሄድክ የኤሌክትሪክ ሙያ ብትማርስ?» አለችው። እሱ በጣም ደስ ብሎታል። አባቱ ግን «ይህን ሁሉ የለፋነው ዩኒቨርሲቲ እንዲገባልን ነው» ብሎ አኩርፏል። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። ኤዲሰን ከገባ ሃይስኩሉን ይለቃል? ኮሌጅስ?

መልስ (አባት፣ ጀርመንታውን)
አይለቅም እህቴ። ግማሹን ቀን በራሱ ሃይስኩል፣ ግማሹን ኤዲሰን ነው የሚውለው። የትምህርት ቤት ባስ ያመላልሰዋል። ዲፕሎማውም ከራሱ ሃይስኩል ነው። የእኔ ልጅ እዚያ የግንባታ ሙያ ተምሯል። ተማሪዎቹ እውነተኛ ቤት ይሠራሉ፤ ሲያልቅ ተሽጦ ቤተሰብ ይገባበታል። ሒሳብ ሲባል ፊቱ የሚጠቁር ልጅ፣ ማታ እራት ላይ ናፕኪን ዘርግቶ የደረጃውን ከፍታ በእርከኑ ቁጥር ሲያካፍል አየሁት። ያን ቀን ነው እኔም ልቤ ያረፈው። ባልሽን ይዘሽው ሄደሽ ወርክሾፑን ያሳዩት። በወሬ ከማሳመን ያ ይሻላል።

መልስ (ነርስ)
ኮሌጅ አይቀርበትም። በኤዲሰን የጤና ፕሮግራም ገብተው ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆነው፣ ቅዳሜና እሁድ እየሠሩ ነርሲንግ የተማሩ የሐበሻ ልጆች አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ልጁ ኢንጂነሪንግ የሚያስብ ከሆነ ከፍ ያሉት የሒሳብ ኮርሶች ከኤዲሰን ሰዓት ጋር እንዳይጋጩ ካውንስለሯ የሁለቱንም ዓመት ፕሮግራም ወረቀት ላይ ታውጣላችሁ። ይሄን ሳታዩ አትፈርሙ።

መልስ (ኤሌክትሪሻን)
ሌላም መንገድ አለ። አፕረንቲስሺፕ ሜሪላንድ ይባላል። 16 ዓመት የሞላው የ11ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቀጣሪ ዘንድ ቢያንስ 450 ሰዓት እየተከፈለው ይሠራል። ኤሌክትሪክ ሥራ ውስጥ ልምድ ያለው ልጅ ሲመጣ እኛ ቀጣሪዎች ዓይናችን እሱ ላይ ነው።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገብቶ ባይወደውስ?

መልስ (አባት፣ ጀርመንታውን)
በ17 ዓመቱ፣ ትዩሽን (የኮሌጅ ክፍያ) ሳይከፍል ማወቁ ምን ይጎዳል? አሁን ዋናው ጊዜው ነው። ቦታው ውስን ስለሆነ የኮርስ ምርጫው ሳያልፍ ማመልከቻውን ያስገባ። ሰኞ ካውንስለሯ ጋ ደውይ። አስተርጓሚ ከፈለግሽ «አማርኛ» በያት፤ ያቀርቡልሻል።