ፍኖተ ሰላም ለሚሠራ ቤት ክዳን፦ ዚንክ ይሻላል ወይስ ቆርቆሮ?

የጃቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ ለእናትና ለአባቴ ቤት እያሠራሁ ነው። ግድግዳው አልቋል፣ ወራጁ ተመቷል፣ የቀረው ክዳኑ ነው። የድሮው ቤት ቆርቆሮ ዝጎ ተበሳስቶ፣ እናቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ሳፋና ባልዲ ስትደረድር ነው ያደግነው። አሁን ታላቅ ልጃቸው እኔ ነኝ፣ የምኖረው ደግሞ አዲስ አበባ ነው፣ ስለዚህ አንዴ ከተከደነ በኋላ አባቴ መሰላል የማይወጣበት ጣሪያ ነው የምፈልገው። አንድ ነጋዴ «ይሄ ዚንክ ነው፣ በፍጹም አይዝግም» ብሎ ከተራው ቆርቆሮ በጣም ከፍ ያለ ዋጋ ነገረኝ። ሳነብ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ ክዳን 100 ዓመት ይቆያል ይላል። ነጋዴው የሚሸጠው እሱን ነው? በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳም ዝናቡ በነፋስ እየገፋ ስለሚመታው በዚሁ ማልበስ አስቤያለሁ። የምታውቁ እርዱኝ።

ብረት አቅላጭ፦
እህቴ፣ ከመክፈልሽ በፊት ማግኔት ይዘሽ ሂጂ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይበቃል። ማግኔቱ ከያዘ ቆርቆሮው ብረት ነው፣ ላዩ ላይ ዚንክ የተለበጠ። ካልያዘ ዚንክ ወይም አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። እኛ ገበያ ላይ «አይዝግም» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ብረት ነውና እሱን ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

አንቺ ያነበብሽው ክዳን ሌላ ነው። እሱ ውስጡም ላዩም ዚንክ ነው። 99.995 ከመቶ በጠራ ዚንክ ላይ ጥቂት መዳብና ቲታኒየም ይጨመርበታል። መጠኑ ሲታይ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም፤ ቲታኒየሙ ከ0.2 ከመቶ አይበልጥም፣ መዳቡም ቢበዛ 1 ከመቶ ነው። ግን ያለ እነሱ ንጹሕ ዚንክ ለክዳን አይመችም፤ ቀን በፀሐይ ሲግልና ማታ ሲቀዘቅዝ በራሱ ክብደት ቀስ በቀስ እየተለጠጠ ይሄዳል። የሚቆይበት ምክንያት ደግሞ ቆዳው ነው። ዝናብና አየር ሲያገኘው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ጠቆር ያለ ግራጫ ሽፋን ያወጣል፣ ያ ሽፋን ውሃ አያሟሟውም፣ ቢጫርም መልሶ ይገጥማል። የፓሪስ ከተማ ጣሪያ በብዛት ይሄ ነው፤ የዚያ አገር የዚንክ ከዳኞች ሙያ በ2024 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

ጥሩ ነው፣ ግን ለእናትሽ ቤት አልመክርሽም። አንደኛ፣ ለስላሳ ስለሆነ እንደ ቆርቆሮ በሞራሌ ላይ አይመታም፤ ከሥሩ ሙሉ በሙሉ ጣውላ ይፈልጋል፣ በጣውላው ሥር ደግሞ አየር ማለፊያ። 0.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በካሬ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ጣውላውን ስትጨምሪበት ወራጅሽ ለሱ አልተሠራም። ሁለተኛ፣ ሙቀት ሲለዋወጥ ብዙ ይለጠጣል፤ 6 ሜትር የሚረዝመው አንዱ ቅጠል በ50 ዲግሪ ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ስለዚህ በሚስማር ተቸክሎ ሳይሆን በተንሸራታች መያዣ ተይዞ ጠርዝ ለጠርዝ እየታጠፈ ነው የሚገጠመው። ይህን የሚሠራ እጅ ፍኖተ ሰላም ላይ ከየት ታመጫለሽ?

የእንጅባራው፦
ከላይ የተጻፈው እውነት ነው። እኔ ልጨምር የምፈልገው ሰው ሁሉ ስለ ጌጅ ብቻ ማውራቱ ያሳዝነኛል። «ባለ 28 ነው፣ ባለ 32 ነው» እየተባለ። ጌጅ የብረቱ ውፍረት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይወፍራል፣ 28ቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለበረዶና ለነፋስ፣ ሰው ሲረግጠው እንዳይጎደጉድም ይጠቅማል። ዝገቱን የሚከላከለው ግን ልባጩ ነው፣ ልባጩ የሚለካውም በግራም ነው። በካሬ 275 ግራም ሲባል የሁለቱ ፊት ድምር ነው፣ በአንድ ፊት 20 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ ይደርሳል። 60 ግራም ከሆነ 4 ማይክሮን ብቻ። እንደኛ አገር ከባሕርና ከፋብሪካ በራቀ አየር ዚንክ በዓመት የሚያልቀው ከ1 ማይክሮን በታች ነው። እንግዲህ አስቢው፣ ሁለቱም ሱቅ ውስጥ እኩል ያበራሉ፣ አንዱ ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ይዝጋል፣ አንዱ የልጅ ልጅ ያያል።

ሌላው «አሉዚንክ» የሚሉት ነው፤ ልባጩ 55 ከመቶ አሉሚኒየም፣ 43.4 ዚንክ፣ 1.6 ሲሊከን ነው። ለዋናው ቤት እሱን እመርጣለሁ፣ 150 ግራም ያለውን። ለእኛ ለአዊ ዝናብ የሚችል እሱ ነው። ግን ለከብት ቤት አይሁን! ከሽንቱና ከእበቱ የሚወጣው አሞኒያ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ነጋዴሽ የፋብሪካውን ወረቀት ያሳይሽ፣ ግራሙ የተጻፈበትን። ወረቀት ከሌለው ዋጋ አትጨምሪ።

የጃቢዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማድ ቤቱስ? ከዋናው ቤት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው ያደረግነው፣ እናቴ የእንጨት ምድጃ ትጠቀማለች።

አናጢ ከቡሬ፦
ልጄ፣ እኔ ክዳን ስመታ ነው የኖርኩት። የማድ ቤት ቆርቆሮ ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው የሚያልቀው። ጭሱ ከቆርቆሮው ሥር ይለጠፋል፣ ሌሊት ሲበርድ ላብ ይሆናል፣ ያ ላብ ኮምጣጣ ነው፣ ዚንኩን ይልሰዋል። ጭስ መውጫ ሠርተሽ ከክዳኑ በላይ አውጪው። ካልሆነ የማድ ቤቱን ክዳን ለይተሽ ክደኚው፣ በየጊዜው እሱ ብቻ ቢቀየር ቤቱ አይጎዳም።

አሁን ስለ አመታቱ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ጥሩ ቆርቆሮ በመጥፎ አመታት ሲበላሽ አይቼ ሆዴ ይቃጠላል። ሠራተኛው በግራይንደር አይቁረጠው። ፍንጣሪው ልባጩን ያቃጥላል፣ የብረቱ ብናኝ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ተኝቶ በሳምንቱ ቀይ ነጥብ ይሆናል። የቆርቆሮ መቀስ አለ፣ በሱ ይቁረጥ። ሲመታ በጉብታው ላይ ይምታ፣ በቦይው ላይ አይምታ፣ ውሃ የሚሄደው በቦይው ነው። ሚስማሩ ጎማ ይኑረው፣ ጎማው እስኪጨፈለቅ ግን አይደብድበው። ዝናብና ነፋስ የሚመጣበትን ታውቂያለሽ፣ ድርብርቡ ጀርባውን ለነፋሱ ይስጥ። ቁመቱን ሲደርብ ከ15 ሳንቲ በታች አይሁን፣ ተዳፋቱ ዝቅ ካለ 20 ያድርገው።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ አትምቱ። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሚስማሩ ይላላል፣ አሲዱም ቆርቆሮውን ከሥር ይጎዳዋል። ሞራሌው ይድረቅ።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ብዙ ሰው የማያስበው። አሁን ሰኔ እየመጣ ነው። ቆርቆሮውን ገዝታችሁ ግቢ ውስጥ አነባብራችሁ ካስቀመጣችሁት ውሃ በመካከሉ ይገባል፣ አየር አያገኝም፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ያ ገና ሳይመታ የተበላ ልባጭ ነው። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ወደ አንድ ጎን አዘንብላችሁ አስቀምጡት፣ ሸራ ብታለብሱትም ከሥር ነፋስ ይግባው።

ብረት አቅላጭ፦
ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ በግድግዳው ላይ ልመልስ። ማልበሱ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ቆርቆሮውን ጭቃው ላይ ወይም ትኩስ ልስን ላይ እንዳታጣብቂው። አየር የሌለው እርጥበት ለዚንክ መጥፎ ነው፣ ያልደረቀ ሲሚንቶ ደግሞ ለአሉዚንክ ይብሳል። መጀመሪያ ማገር ይመታና ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ክፍት ቦታ ይቀመጥ፣ ከታችም ከላይም አየር ይለፍበት። የታችኛው ጫፍ ከመሬት 20 ወይም 30 ሳንቲ ከፍ ይበል፣ የክረምት ጭቃ እየተረጨ እንዳይለጠፍበት። መብረቅ መከላከያ ካስገባችሁ የመዳብ ሽቦው ውሃ በክዳኑ ላይ አይንጠባጠብ፣ መዳብ የነካው ውሃ ዚንክን ቶሎ ይበላል።

ቀለም ማስቀባት ካሰባችሁ በአዲሱ ልባጭ ላይ ተራ የዘይት ቀለም አትቀቡ። ከዚንኩ ጋር ሳሙና ይሆንና በዓመት በሁለት ዓመት እየተላጠ ይወርዳል። ፋብሪካ ላይ የተቀባውን ግዙ፣ ወይም ለዚንክ የተሠራ መነሻ ቀለም ፈልጉ።

ባህር ዳር አርክቴክት፦
በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። እውነተኛው ዚንክ ሙሉ በሙሉ ይቅር አይባልም። አሸንዳውና ሁለት ጣሪያ የሚገናኝበት ሸለቆ ከሁሉ በፊት የሚያፈሱ ቦታዎች ናቸው፣ ቅጠልና ጭቃ ስለሚተኛባቸው። ለእነዚህ ጥቂት ሜትር የዚንክ ቅይጥ ላሜራ ካገኘሽ አስገቢ። ዚንክ ከተለበጠ ብረትም ከአሉዚንክም ጋር አይጣላም። በብየዳም በቀላሉ ይያያዛል፣ የሚቀልጠው 420 ዲግሪ አካባቢ ነውና በእርሳስ ብየዳ እንጂ በኤሌክትሪክ አይሞከርም።

አናጢ ከቡሬ፦
እሱም ልክ ነው። ግን ሸለቆውን ከመሸፈኗ በፊት ሥሩ ሙሉ ጣውላ ይመታበት፣ ያለዚያ ልጆች ኳስ ሊያወርዱ ወጥተው ሲረግጡት ይሰረጉዳል።

የጃቢዋ፦
ቅዳሜ ማግኔቱን ይዤ እሄዳለሁ። አባዬ ሞራሌውን በ80 ሳንቲ አስመትቷል፣ ለ28 ጌጅ ይበቃል?

አናጢ ከቡሬ፦
ለ28ቱ ይበቃል። በክፈፉና በጫፉ ግን መሃል መሃሉ ላይ አንድ አንድ ሞራሌ ጨምሪበት፣ ነፋስ ቆርቆሮ የሚገለብጠው ከዚያ ጀምሮ ነው።