ከሐረርና ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ለሚበሩ መንገደኞች የቀረበ ጥቆማ

ከድሬዳዋው አባ ጠና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ትኬቱ ላይ የሚሰፍረው የበረራ ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጉዞው መንገደኛውን የሚፈጅበት ጊዜ ግን ከዚህ በብዙ ስለሚበልጥ፣ አማራጮችን ስናነጻጽር ከቤታችን ከወጣንበት ሰዓት ጀምረን ልንቆጥር ይገባል።

በዚህ መስመር ባለፕሮፔለሩ ኪው 400 ይሻላል ወይስ ጄቱ ቦይንግ 737 የሚለው ጥያቄ በእኔ እምነት ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። ኪው 400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መብረር ይችላል፤ ጄቱ ከዚያ ቢፈጥንም፣ ከጉዞው አብዛኛው ክፍል ከፍታ ለመያዝና ለማረፍ ዝቅ ለማለት ስለሚውል የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ይልቁንስ የመነሻ ሰዓቱን ምረጡ። ከቀትር በኋላ የቆላው ሙቀት አየሩን ስለሚያናውጠው፣ በተለይ አረጋውያንንና ሕፃናትን ይዛችሁ የምትጓዙ ከሆነ የጠዋቱ በረራ ይመረጣል። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ በግራ በኩል በመስኮት ዳር ብትቀመጡ፣ ሰማዩ ጠርቶ ከሆነ የጨርጨር ተራሮችን፣ ቀጥሎም አዋሽ አጠገብ ያለውን የፈንታሌን ተራራ ታያላችሁ።

ሐረር የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት፣ የሐረር ሰው ምርጫ ድሬዳዋ ወይም ጅግጅጋ ነው። እኔ ያለማመንታት ድሬዳዋን እመክራለሁ። ድሬዳዋ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቅ፣ ጅግጅጋ ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመራቋም በላይ ወደ ምሥራቅ የምትወስድ በመሆኗ፣ ከዚያ እስከ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት ወደ 450 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። ጅግጅጋ የምታዋጣው ከባቢሌ ወዲያ ለሚኖሩ ነው።

የድሬዳዋው መንገድ በሐሮማያ በኩል አልፎ ደንገጎ ሲደርስ ቁልቁል ይጠማዘዛል። ሚኒባስ በደህናው ቀን በአንድ ሰዓት ወይም ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ያደርሳል፤ ነገር ግን ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ከፊት ከገባ ወይም ጭጋግ ከወረደ መቅደም ስለማይቻል ጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ ከበረራው አራት ሰዓት ቀድማችሁ ከሐረር ብትነሱ፣ በረራው ከመነሳቱ ሁለት ሰዓት በፊት ለመድረስ በቂ ጊዜ ይኖራችኋል። ጠዋት በማለዳ የሚነሳ በረራ ከሆነ ድሬዳዋ ማደር ይሻላል።

ጊዜ ላላቸው በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ጥሩ አማራጭ ነው። ጣቢያዎቹ በሁለቱም በኩል ከከተማ ወጣ ያሉ ስለሆኑና ባቡሩ በየቀኑ ላይነሳ ስለሚችል፣ ቀኑን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከአዲስ አበባው ለቡ ጣቢያ ድሬዳዋ ለመድረስም ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። አውቶቡስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የመኪና መንገድ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤተሰብ ይቀላል።

በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል በዓል ሰሞን የሚጓዝ ሰው የደርሶ መልስ ትኬቱን ከሳምንታት በፊት ይቁረጥ። በዚያ ወቅት የሐረር መንገደኛም በቁልቢ አቅጣጫ የሚመጣው ተሽከርካሪ ደንገጎ ላይ ስለሚቀላቀለው፣ ከላይ ባልኩት ሰዓት ላይ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨምር።